ለሐይቁ የሚከፍለው ማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጁ መልስ

ከሐዋሳና ከአካባቢዋ በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ባይተዋወቁም፣ ስለ አንድ ውኃ የሚናገሩ ሆነው ስላገኘናቸው በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ስማቸው እንዳይወጣ በጠየቁት መሠረት ስሞቹን ትተናል፤ ረዘም ያሉትንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ የዓሣ ምግብ ቤት ከከፈትኩ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቀድሞ አንድ ቆሮሶ ተጠብሶ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር፤ አሁን ለአንድ ደንበኛ ሁለት አቀርባለሁ፤ ዋጋው ግን በየጾሙ ይጨምራል። አሞራ ገደል ያሉትን አስጋሪዎች ስጠይቅ «ሐይቁ ደክሟል» ይሉኛል። ሐይቅ ይደክማል እንዴ? ከገዥነት በቀር ሌላ ድርሻ የሌለኝ ሰው ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ አስጋሪዎቹ የተናገሩት ቃል ከብዙ የባለሙያ ሪፖርት ይበልጥ ልክ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ እንኳ ከ22 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእርሱ ተነሥቶ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ጣና ዓባይን ይሸኛል፤ የሐዋሳ ሐይቅ ግን የገባበትን አፈር፣ ሳሙና፣ ማዳበሪያና ቆሻሻ የሚሸኝበት በር ስለሌለው፣ የተጣለበትን ሁሉ ይዞ ይኖራል። በአንድ ዓመት የገባው ጥቂት ቢመስልም ከዓመት ዓመት ይደራረባል።

ስለ ዓሣው ማነስ ግን ጥፋቱን ሁሉ ለቆሻሻው መስጠት አይገባም። ከሐይቁ ለገበያ የሚወጡት ዓሣዎች በዋናነት ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ሲሆኑ፣ የደንበኛዎ ዓይን የሚያርፈው በቆሮሶው ላይ ነው። ቆሮሶ የሚራባው በዳርቻው፣ ፊላና ደንገል በበቀለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ሲሆን፣ እናቲቱ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ። እንዲህ ያለችው እናት መረብ ውስጥ ስትገባ የሚጠፋው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም። ዓይኑ የጠበበ መረብ በዳርቻው ሲጎተት ደግሞ ገና አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለደው ሁሉ ተጠራርጎ ይወጣል፤ ትልልቆቹ ተለቅመው ሲያልቁም የቀሩት በትንሽነታቸው መውለድ ይጀምራሉ፤ በሳህንዎ ላይ የሚያዩት እርሱን ነው።

ገዥ ብቻ ነኝ ማለትዎን ግን አልቀበልም። የሕግ ተቆጣጣሪ በሐይቁ ላይ ባይኖር እንኳ ገዥ በየማለዳው አለ። ከእጅ መዳፍ ያነሰ ቆሮሶ አልገዛም የሚል አንድ ምግብ ቤት አስጋሪውን ሊያስቀይም ይችላል፤ በዳርቻው ያሉት ምግብ ቤቶች ግማሾቹ በአንድ ልክ ቢስማሙ ግን ጠባቡ መረብ ወጪውን አይመልስም። ስለዚህ ጎረቤቶችዎን ሰብስበው በልኩና በዋጋው ላይ መነጋገር የመጀመሪያው ሥራዎ ይሁን፤ ለትልቁ ዓሣ በኪሎ ትንሽ ጨምሮ መክፈልም የስምምነቱ አካል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ አስጋሪውን ብቻ መቅጣት ይሆናል። ሁለተኛው ጉዳይ አምባዛ ነው። ቅርፊት የለውም ተብሎ በእምነት የማይበሉት ብዙዎች መሆናቸውን አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ የሚበላ እንግዳ በማይታጣባት ከተማ አምባዛን በሾርባና በጉላሽ አሰናድቶ ማቅረብ በቆሮሶው ላይ ያለውን ጫና ያቃልላል። በጾም ወራት ፍላጎቱ በሚያሻቅብበት ጊዜ ደግሞ ይህ ይበልጥ ይጠቅማል። (ዓሣ ለጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው፤ ገበያው መልሱን ሳይጠብቅ ሄዷል።)

ጥያቄ፦ ከወንዶ ገነት በላይ፣ ተዳፋት ላይ ከግማሽ ሄክታር የማይበልጥ ማሳ አለኝ። ጥርና የካቲት በመጣ ቁጥር ለተፋሰስ ሥራ ዘመቻ እንወጣለን፤ እርከን እንሠራለን፤ ጉድጓድ እንቆፍራለን። «ደለል ሐዋሳ ሐይቅ እንዳይገባ ነው» ይሉናል። ቅር አይበላችሁና፣ በሐይቁ ዳር ሆቴል የሠራው፣ ጀልባ የሚያከራየው፣ ዓሣ የሚሸጠው እኔ አይደለሁም። ጫቴን ነቅለህ ዛፍ ትከል የሚሉኝም አሉ፤ ጫቱ ግን ልጆቼን ያስተምርልኛል። የላይኛው ሠርቶ የታችኛው የሚበላበት ነገር እስከ መቼ ነው?

መልስ፦ ከአምስቱ ደብዳቤዎች በጥሞና ያነበብኩት የእርስዎን ነው፤ ምክንያቱም ስለ አካባቢ ጥበቃ በየአዳራሹ የሚነገረው ንግግር ሁሉ የሚሸሸውን ጥያቄ በግልጽ አስቀምጠዋል። ጉዳቱ የሚነሣበት ቦታና ገንዘቡ የሚገኝበት ቦታ ይለያያሉ፤ በሁለቱ መካከል የሚሄድ ውኃ እንጂ የሚሄድ ብር የለም።

የመሬቱን አቀማመጥ እንመልከት። ወደ ሐይቁ የሚፈስሰው ተፋሰስ 1,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሐይቁን ስፋት ከ15 ጊዜ በላይ ይሆናል። ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች ጨለለቃ ወደሚባለው ረግረግ ይገባሉ፤ ከዚያም በጥቁር ውኃ ወንዝ አድርገው ወደ ሐይቁ ይደርሳሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ሳይደርቅ ሐይቁን የሚመግበውም ይኸው ወንዝ ብቻ ነው። ጨለለቃ በአባቶቻችን ዘመን ራሱን የቻለ ትንሽ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ከብት ይግጥበታል። ደለሉን በሆዱ እየያዘ፣ ከፋብሪካና ከከተማ የሚመጣውንም እያጣራ ለሐዋሳ ሐይቅ ጋሻ ሆኖ የኖረው እርሱ ነው። አሁን ከላይ የሚመጣው አፈር የሚያርፍበት ቦታ እየጠበበ ሲሄድ ቀጥታ ወደ ሐይቁ ያልፋል። ስለዚህ የእርስዎ ተዳፋትና የሆቴሉ መስኮት አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ሆቴሉ ግን ይህን የሚያውቀው በስብሰባ ላይ ብቻ ነው።

ለእርከኑ የሚነገርዎት ምክንያትም ተገልብጦ የቀረበ ይመስለኛል። አንድ እርከን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅመው ባለ ማሳውን ነው፤ በጎርፍ የሚሄደው የላይኛው ስስ አፈር ለሰብል የሚሆነውን ምግብ ሁሉ የያዘ ነውና፣ እርሱ ሲታጠብ የማዳበሪያው ወጪ በየዓመቱ ከፍ ይላል። «ለሐይቁ ሥሩ» ከሚባል ይልቅ «የገዛችሁት ማዳበሪያ አብሮ እንዳይሄድ ሥሩ» ቢባል ዘመቻው ሲያልቅ እርከኑ አብሮ ባልፈረሰ ነበር። በእርከኑ ጠርዝ ላይ ደሾ ሣር ቢተክሉ ደግሞ ሁለት ጥቅም ያገኛሉ። ይህ ሣር ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ጨንቻ አካባቢ የሚታወቅ የአገራችን ሣር ነው፤ ሥሩ አፈሩን አጥብቆ ይይዛል፤ በየጊዜው እየታጨደም ለላሞች መኖ ይሆናል። ከሐዋሳ ዙሪያ ወተት አምራች በማይታጣበት ሁኔታ የሣር እስር የሚሸጥ ነገር ነው።

ጫቱን ንቀል ለሚሉዎት ሰዎች መልስ አለኝ፤ አይንቀሉት፤ ቢያንስ ዛሬ አይንቀሉት። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፤ ቡና ግን ተተክሎ የመጀመሪያውን ፍሬ እስኪያሳይ 3 ወይም 4 ዓመት ይፈጃል፤ እንሰትም ለመፋቅ ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። በእነዚህ ዓመታት መካከል ያለውን የትምህርት ቤት ክፍያና የእህል ወጪ ማን ይሸፍናል የሚለውን ሳይመልሱ «ሰብልህን ቀይር» ማለት ምክር አይደለም። ነገር ግን ጫት ብቻውን የቀረበት ማሳ፣ በተለይ በበጋ በሞተር እየተሳበ የሚጠጣ ከሆነ፣ ወዴት እንደሚወስድ አገራችን ከአንድ ሐይቅ ተምራለች። የሐረር ከተማ ትጠጣው የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ደርቆ ከብት የሚሄድበት ሜዳ ሆነ፤ በዙሪያው የነበረው የጫት መስኖ፣ ከተማው የሚስበው ውኃና ከተራራው የሚወርደው ደለል አንድ ላይ ተባብረውበት ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት ውኃው መመለሱ ደስ ያሰኛል፤ በመካከሉ የነበሩት ዓመታት ግን ለገበሬውም ለከተሜውም ከባድ ነበሩ። የሚበጀው ከጫቱ መሥመር መካከል በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ፣ በቡናና በእንሰት ከጥላ ዛፍ ጋር መተካት ነው። የሲዳማና የጌዴኦ ገበሬ ይህን የተነባበረ እርሻ ከማንም ባለሙያ ሳይማር ለዘመናት የኖረበት ነው፤ ዝናቡ ቅጠልን ከቅጠል እየነካ፣ ኃይሉ ተሰብሮ ወደ መሬት ይወርዳል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ፣ ወደ ክፍያው ልመለስ። ይህን መሰል ችግር የገጠመው ሐይቅ ቅርባችን አለ፤ የኬንያው ናይቫሻ። እርሱም እንደ ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኝ፣ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የሌለው፣ ነገር ግን ጨው ያልሆነ ሐይቅ ነው፤ በዙሪያውም ትልልቅ የአበባ እርሻዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የታችኛው የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር፣ በላይኛው ተፋሰስ በተዳፋት ላይ ለሚያርሱ፣ የሣር መሥመር ለተከሉና እርከን ለሠሩ ገበሬዎች በዓመት አንድ ጊዜ የግብርና ግብዓት የሚገዙበት ኩፖን መስጠት ጀመረ። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ ነገሩ ግን ከገንዘቡ ይበልጣል፤ የታችኛው ሰው ለላይኛው ዕዳ እንዳለበት ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ አምኗልና።

በሐዋሳ ይህን ማድረግ አይቻልም የሚያሰኝ ምክንያት አይታየኝም። በሐይቁ ውበት የሚተዳደሩት ሆቴሎች፣ ሪዞርቶች፣ የጀልባ ማኅበራትና ምግብ ቤቶች የታወቁ ናቸው፤ ከአንድ አልጋ ወይም ከአንድ የጀልባ ጉዞ ላይ የምትቀነስ ጥቂት ብር እንግዳውን አታስቀይምም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ፈንድ ሲቋቋም ብሩ መጀመሪያ ቢሮ ይከራያል፤ ቀጥሎ መኪና ይገዛል፤ ከዚያም ለአውደ ጥናት አበል ይሆናል፤ ከዳገቱ ሲደርስ ኮፍያና ቲሸርት ብቻ ይቀራል። ይህ እንዳይሆን ክፍያው በቀን ሥራ ሳይሆን ከክረምቱ በኋላ ቆሞ በተገኘው እርከንና በጸደቀው ሣር ልክ ቢሆን፣ የሚለኩትም ከላይና ከታች በእኩል ቁጥር የተመረጡ ሰዎች ቢሆኑ ይሻላል። ተፋሰሱ ደግሞ በሲዳማ ክልል ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ከፊሉ በኦሮሚያ፣ በምዕራብ አርሲ በኩል ነው። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከሆነ ወዲህ የወሰን መስመሩ ግልጽ ሆኗል፤ ጎርፉ ግን መታወቂያ አይጠየቅም፤ ስለዚህ በሁለቱ ክልሎች መካከል የጋራ ስምምነት የሌለው ፈንድ ከግማሽ መንገድ በላይ አይሄድም።

ለዳኝነቱም ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ሲከበር የጎሳ መሪዎች ሕዝቡን ከሚመክሩበት ነገር አንዱ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ ነው። በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ አደባባይ የሚሰማ ቃል በዳገቱም ስለሚከበር፣ ማን እርከኑን ጠበቀ፣ ማን አፈረሰ የሚለውን ሽማግሌዎቹ ከማንኛውም ቅጽ ቀድመው ያውቃሉ። እርስዎም በሚቀጥለው ዘመቻ ሲጠሩ ይህን የክፍያ ጥያቄ በቀበሌው ስብሰባ ላይ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ያድርጉ፤ በደብዳቤዎ የጻፉት ንግግር በዚያም ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ ሆነን በማኅበር ተደራጅተን ከሐይቁ ዳርቻ ሃይላንድና ፌስታል እንለቅማለን። ሃይላንዱን ቆራሌዎች በኪሎ ይወስዱልናል፤ ፌስታሉን የሚገዛ የለም። ከዓሣ ገበያው የሚወጣውን አንጀትና አጥንትም አንሱ ተብለን ነበር፤ በነፃ ስለሆነ ተውነው። ከመካከላችን አምስቱ ዲግሪ አለን። ይህ ሥራ ኑሮ ሊሆነን ይችላል ወይስ ጊዜያችንን እያባከንን ነው?

መልስ፦ ኑሮ ሊሆናችሁ ይችላል፤ ነገር ግን ትታችሁት የመጣችሁት ነገር ከያዛችሁት ይበልጣል። ጠርሙሱ መልሶ የሚቀልጥ ፕላስቲክ ስለሆነ ገዥ አለው፤ ፌስታል ግን ስስ፣ ቆሻሻና ቀላል ስለሆነ ለቅሞ፣ አጥቦ ለመሸጥ የሚያወጣው ጉልበት ከዋጋው ይበልጣል። የተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢት ስለተከለከለም፣ የነገ ገቢያችሁን በፌስታል ላይ አትገንቡ። ዘንቢልና የጨርቅ ቦርሳ የሚሰፋ እህት ማኅበር ብታገኙ ግን አብራችሁ ሥሩ።

የዓሣውን ነገር በቁጥር እንየው። ቆሮሶ ተገፍፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ ለኮተሌት ሲዘጋጅ የሚቀረው ሥጋ ከክብደቱ ሲሦ ገደማ ነው። ማለትም 10 ኪሎ ዓሣ ከገባ ከ6 ኪሎ በላይ የሚሆነው ጭንቅላት፣ አጥንት፣ ቆዳና አንጀት ይሆናል። ዛሬ ከዚህ ላይ ድርሻውን የሚወስደው አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ነው፤ ለቱሪስት ፎቶ ያማረ ቢሆንም፣ ተርፎ ወደ ውኃው የሚገባው አልጌን ይመግባል፤ አልጌው በስብሶ ሲበተን ደግሞ የዓሣውን አየር ይሻማል። ይህን ተረፈ ምርት ከቡና ገለፈትና ከመጋዝ እንጨት ብናኝ ጋር ቀላቅላችሁ ብትቆልሉት፣ በየጥቂት ቀኑ ብታገላብጡትና የውስጡ ሙቀት ከ55 ዲግሪ በላይ ለቀናት እንዲቆይ ብታደርጉ፣ ሽታው የሚጠፋና ተሐዋስያኑ የሚሞቱበት ጥሩ ኮምፖስት ይሆናል። አንጀቱ ናይትሮጅን፣ ገለፈቱ ካርቦን ነው፤ አንዱ ከበዛ ይሸታል፣ ሌላው ከበዛ አይበስልም። መጀመሪያ በራሳችሁ ጓሮ ጎመን ላይ ሞክሩት፤ ቀጥሎም በከተማው ዙሪያ ላለው ችግኝ ጣቢያና ከላይ ለጻፈልን ዓይነት ገበሬ አቅርቡት።

ዋናው ስሕተታችሁ ግን «በነፃ ስለሆነ» የሚለው ነው። ማንሣትና መሸጥ ሁለት ሥራዎች ናቸው። ምግብ ቤቱ ጉድፉ ከደጁ ስለተነሣለት ሊከፍላችሁ ይገባል፤ ኮምፖስቱ የሚያመጣው ሌላ ገቢ ነው። በኮምፖስቱ ሽያጭ ብቻ እንኖራለን ያሉ ማኅበራት ገበያው ሲቀዘቅዝ ይበተናሉ፤ የማንሻ ክፍያ በወር በወር የሚከፈል ውል ያላቸው ግን ይቆያሉ። ስለዚህ ከዲግሪዎቹ መካከል የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ካለ ለምግብ ቤቶቹ የሚቀርበውን ውል ዛሬውኑ ይጻፍ፤ በዚህ አምድ መጀመሪያ ላይ ያሉት እመቤት የመጀመሪያ ደንበኛችሁ ቢሆኑ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ክረምት ላይ ከተማሪዎቼ ጋር በሐይቁ ዳርቻ ችግኝ ልንተክል ነው፤ የተሰጠን ባሕር ዛፍ ነው። ይበጃል?

መልስ፦ አይበጅም። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለአጠና ጥሩ ነው፤ በውኃ ዳር ግን ከሥሩ ሌላ እንዲበቅል አይፈቅድም። ከዛፍ በፊት ያለውን ፊላና ደንገል ጠብቁ፤ ቀጥሎ ሾላ፣ ዋንዛና ግራር ፈልጉ። ከአንድ ሺህ ተክሎ ከመሄድ ሃምሳ ተክሎ ለሁለት በጋ ውኃ ማጠጣት ለተማሪዎችዎ የተሻለ ትምህርት ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ የምንቆጥረው የተተከለውን ሆኖ የጸደቀውን መቁጠር ገና አልለመድንም።

ጥያቄ፦ ከቤቴ አጠገብ ያለ ላቫጆ ዘይትና ሳሙና የተቀላቀለበት ውኃ በቦይ አድርጎ ወደ ሐይቁ ይለቃል። ለጽሕፈት ቤቱ ስናገር «አንተ ምን አገባህ፣ ጉዳት ደርሶብሃል?» አሉኝ። በእርግጥ አያገባኝም?

መልስ፦ ያገባዎታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከዚህም በላይ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ ማንኛውም ሰው በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ፣ የግል ጥቅሙ የተነካ መሆኑን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም በሰጠው ውሳኔ ካልረኩ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የመወሰኛው ጊዜ ካለፈበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላሉ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው አቤቱታው ከቀረበበት ዕለት አንሥቶ ስለሆነ በቃል አይናገሩ፤ በሁለት ቅጂ ጽፈው፣ ፎቶግራፍ አያይዘው፣ መዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥርና ቀን በእርስዎ ቅጂ ላይ እንዲጽፍበትና ማኅተም እንዲያደርግበት ያድርጉ።